ጊዜን በስጦታ መስጠት፦ ቀን ከመቁረጥ እስከ መሰነባበት

«ሰሞኑን ብቅ እላለሁ» ብለን የተለየናቸውን ሰዎች ብንቆጥርና ከእነርሱም መካከል በእርግጥ ብቅ ብለን የጠየቅናቸውን ለይተን ብናወጣ፣ ብዙዎቻችን የምናፍርበት ቁጥር እናገኛለን። ቃሉ ሲነገር ውሸት አይደለም፤ ተናጋሪው ያንን ሰው ማየት ከልቡ ይፈልጋል። የጎደለው ፍቅር ሳይሆን ቀን ነው። ቀን ያልተቆረጠለት ጉብኝት «ላም አለኝ በሰማይ» እንደሚባለው ሀብት በመሆኑ፣ ሰጪው እንደሰጠ እየተሰማው ይኖራል፤ ተቀባዩ ግን በር በር እያየ ይከርማል።

ይህ መመሪያ ጊዜያቸውንና ፍቅራቸውን ለሌላ ሰው መስጠት ለሚሹ፣ ነገር ግን ከየት እንደሚጀምሩና ጀምረውም እንዴት እንደሚያዘልቁት ለተቸገሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የፍቅርን ታላቅነት ለማስረዳት አይሞክርም፤ ያንን የማያምን ሰው ይህን ጽሑፍ ማንበብ ባልጀመረም ነበር። የሚያተኩረው ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል፣ በምን ሁኔታና እስከ ምን ድረስ በሚሉት ጥያቄዎች ላይ ነው። በሁሉም ደረጃዎች ውስጥ ደጋግሞ የሚመለስ አንድ ነጥብ ግን አለ፤ የጊዜ ስጦታ የሚዘልቀው በመርዘሙ ሳይሆን በመደጋገሙ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ሙሉ ቀን የተሰጠው ሰው ያንን ቀን ያስታውሳል፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት የሚሰጠው ሰው ግን በመሃል ያሉትን ቀናት ሁሉ «ሊመጣ ነው» እያለ ይኖርባቸዋል።

አንደኛ፦ ሰዎቹን ይወስኑ

ወረቀት ይያዙና ጊዜ ልሰጣቸው ይገባል የሚሏቸውን ሰዎች ስም ሁሉ ይጻፉ። ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ ከጠበቁት በላይ ይረዝማል፤ ወላጅ፣ ልጅ፣ የትዳር አጋር፣ ወንድምና እኅት፣ የቀድሞ መምህር፣ የታመመ ጎረቤት፣ ከተገናኙ ዓመታት ያለፏቸው ጓደኛ። ከዚያም ዝርዝሩን ወደ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ያውርዱት። ይህን ማድረግ ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ስሌቱ ራሱ ያስገድዳል። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት የተግባቦት ተመራማሪ ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ተራ ጓደኛ ለመሆን 50 ሰዓት ያህል፣ ጓደኛ ለመሆን 90 ሰዓት ያህል፣ የቅርብ ወዳጅ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብረው ማሳለፍ እንደሚያስፈልጋቸው ገምተዋል። በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ለአንድ ሰው ቢሰጠው ሃምሳውን ሰዓት በአንድ ዓመት፣ ሁለት መቶውን በአራት ዓመት ይደርስበታል፤ ያንኑ ሰዓት ለአሥር ሰው ቢበትነው ግን ሃምሳውን ሰዓት እንኳ ለመሙላት አሥር ዓመት ይፈጅበታል። ጥናቱ የተካሄደው ገና በሚተዋወቁ ሰዎች ላይ ስለሆነ ለእናትና ለልጅ በቀጥታ አይሠራም፤ ሆኖም መበተን ምን ያህል እንደሚያሳሳ በሚገባ ያሳያል።

ለመምረጥ የሚረዱ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ብቀር መቅረቴ የሚታወቀው በማን ዘንድ ነው? ወደ እኔ መምጣት የማይችለው፣ ስለዚህም እኔ ካልሄድኩ የማንገናኘው ማን ነው? ጊዜውን ሰጥቶኝ እኔ ያልመለስኩለትስ ማን ነው? በእኔ አስተያየት ሁለተኛው ጥያቄ ከሌሎቹ ይቀድማል፤ ምክንያቱም መንቀሳቀስ የሚችል ሰው ናፍቆቱን ይዞ በር ሊያንኳኳ ይችላል፣ አልጋ የያዘው ወይም እርጅና ከቤት ያዋለው ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። በዝርዝሩ ላይ የቀሩትን ሰዎች አይሰርዟቸው፤ ለእነርሱ በስልክ ድምፅና በአጭር መልእክት የሚደርሱበት መንገድ ወደ ኋላ ይገለጻል።

ሁለተኛ፦ ጊዜውን ከየት እንደሚያመጡት ይወቁ

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ለአንድ ሳምንት ያህል ሰዓቱ የት እንደሚሄድ ሳያሳምሩ ይመዝግቡ፤ ሥራ፣ እንቅልፍ፣ መንገድ፣ የቤት ጣጣ፣ ስልክ ላይ የሚያልፈው ጊዜ። የመዝገቡ ዓላማ ራስን መውቀስ ሳይሆን በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቦታ ላይ የሚገኝ አንድ ሰዓት መፈለግ ነው። «ትርፍ ጊዜ ሳገኝ» ብሎ መጠበቅ አይሠራም፤ ትርፍ ጊዜ የሚባለው ነገር የሚመጣው ከድካም ጋር ነውና፣ ለሰው የሚሰጠው ከሁሉ የተረፈው ግርድ ይሆናል።

ሰዓቱን ከማግኘት የማያንሰው ጉዳይ ሰዓቱ የሚቀመጥበት ስፍራ ነው። ጆን ዳርሊ እና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ በፕሪንስተን የሚማሩ የሥነ መለኮት ተማሪዎችን ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ላኳቸው፤ የአንዳንዶቹ ንግግር ርዕስ ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ሥር ተቆራምዶ እያሳለና እያቃሰተ እንዲቆይ ተደረገ። ብዙ ጊዜ እንዳላቸው ከተነገራቸው ተማሪዎች መካከል 63 በመቶው ቆመው ሊረዱት ሲሞክሩ፣ ረፍዶባችኋል ከተባሉት ግን የቆሙት 10 በመቶው ብቻ ነበሩ። ስለ ደግነት ሊሰብክ እየሄደ መሆኑም በውጤቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ከዚህ የምንወስደው ተግባራዊ ትምህርት ግልጽ ነው፤ ጉብኝትዎን በሁለት ጉዳዮች መካከል አያጣብቡት። ከጉብኝቱ በፊት ሃያ ደቂቃ፣ ከጉብኝቱ በኋላ ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ባዶ ይተዉ። ሰዎች የሆዳቸውን የሚያወጡት ብዙውን ጊዜ እንግዳው ለመሄድ ሲነሣ ነው፤ በዚያች ሰዓት ሰዓቱን የሚያይ እንግዳ እስከዚያ የሰጠውን ሁሉ መልሶ ይወስዳል።

«እኔ ራሴ ጊዜ አጥሮኝ ለሰው ከየት አመጣለሁ?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ካሲ ሞጊልነርና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጥናት ግን ያልተጠበቀ ነገር አሳይቷል፤ ጊዜያቸውን ለሌላ ሰው የሰጡ ተሳታፊዎች ለራሳቸው ካዋሉት ይልቅ ብዙ ጊዜ እንዳላቸው ተሰምቷቸዋል። ሰዓቱ አልጨመረላቸውም፤ በሰዓቱ የሆነ ነገር ማድረግ እንደሚችሉ የሚሰማቸው ስሜት ግን ጨምሯል።

ሦስተኛ፦ ተቀባዩ ምን እንደሚፈልግ ይጠይቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ከተሳሳቱት አንዱ ነኝ። ብቻዋን የምትኖር አክስቴን መጠየቅ በጀመርኩባቸው ወራት፣ እንደገባሁ ቤቱን መጥረግ፣ ዕቃ ማስተካከል፣ የተበላሸ መጠገን ሥራዬ ነበር። ላቤ ጠብ እስኪል ሠርቼ፣ ጥሩ ነገር እንዳደረግሁ እየተሰማኝ እወጣለሁ። አንድ ቀን መጥረጊያውን ከእጄ ወስዳ «ልጄ፣ እስቲ ቁጭ በል፤ ቤቱማ ነገም ይጠረጋል» አለችኝ። ለካ በእነዚያ ወራት ሁሉ ቤቷን እንጂ እርሷን አልጠየቅኋትም ነበር። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ መጫወት፣ ሥራ ካለ ደግሞ ከዚያ በኋላ መሥራት ልማድ አደረግሁት።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ሕፃን ታቅፋ ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣች እናት የምትፈልገው ጨዋታ ላይሆን ይችላል፤ ሕፃኑን ተቀብሏት ለሁለት ሰዓት የሚያስተኛት ሰው ነው። ስለዚህ ይጠይቁ፤ አጠያየቁ ግን ይመረጥ። «የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ንገረኝ» ማለት ጨዋነት ይምሰል እንጂ ሸክሙን መልሶ ለተቸገረው ሰው ማሸከም ነው፤ ይሉኝታ የያዘው ሰው ለዚህ ጥያቄ «ምንም አያስፈልገኝም» ከማለት በቀር መልስ የለውም። በዚህ ፈንታ ሁለት የተወሰኑ አማራጮች ያቅርቡ፦ «ሐሙስ ስመጣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ላምጣልሽ ወይስ አብሬሽ ሐኪም ቤት ልሂድ?» እንዲህ ሲጠየቅ የሚመልሰው ሰው የሚመርጠው እርዳታ መቀበልንና አለመቀበልን ሳይሆን አንዱን እርዳታ ከሌላው ስለሆነ፣ መልስ መስጠት ይቀለዋል።

አራተኛ፦ ቀን ይቁረጡ፣ ቃሉንም ያሳንሱ

አሁን ቃል ይግቡ፤ ግን ልትጠብቁት የምትችሉትን ያህል ብቻ። ልብ ሲሞቅ የሚገባ ቃል ሁልጊዜ ከአቅም በላይ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ መሄድ የሚችሉ ከመሰለዎት በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበሉ፤ የሚተርፈውን እንደ ምርቃት ይጨምሩት። ቃሉ ቀኑን፣ የመነሻ ሰዓቱንና የሚቆዩበትን ጊዜ ያካትት፦ «በየወሩ የመጀመሪያውና ሦስተኛው ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እመጣለሁ፤ እስከ 10 ሰዓት ተኩል አብረን እንሆናለን።» የማብቂያውን ሰዓት መናገር ለአንዳንዶች ስስት ይመስላቸዋል። በእውነቱ ግን ተቀባዩን ከሁለት ጭንቀት ያድናል፤ «አሁን ሊሄድ ነው?» ከሚለውና «መቼ ይሆን የሚሄደው?» ከሚለው።

ለልደት ወይም ለሌላ ቀን የጊዜ ስጦታን በጽሑፍ መስጠት ለሚወዱ ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። «ይህንን ካርድ ባሳየኸኝ ጊዜ ሁሉ አንድ ከሰዓት በኋላ የአንተ ነው» ተብሎ የተጻፈ ካርድ ሲታይ ያምራል፤ ሲሠራበት ግን አይታይም። ተቀባዩ «ሥራ ይዞ ይሆናል» እያለ ስለሚያስብ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ያረጃል። በካርዱ ላይ ቀኑ ራሱ ይጻፍ፤ ሦስት የተወሰኑ ቀናት፣ እያንዳንዳቸውም አብረው ከሚያደርጉት ነገር ጋር። ቀኑ ካልተመቸ መለወጥ ይቻላል፤ ከምንም ተነሥቶ ቀን መጠየቅ ግን ለብዙ ሰው የማይደፈር ነገር ነው። ቀጠሮውንም እንደ ሐኪም ቀጠሮ በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ያስፍሩ፤ ሌላ ሰው በዚያ ሰዓት ሲፈልግዎ «ቀጠሮ አለኝ» ይበሉ፣ ምክንያቱም አለዎት።

አምስተኛ፦ በቦታው ሲሆኑ

ስልኩን ያጥፉና ከዓይን ያርቁት። ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ ማስቀመጥ በቂ አይመስለኝም። አንድሩ ፕሺቢልስኪ እና ኔታ ዋይንስታይን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ በአቅራቢያቸው ስልክ ተቀምጦ የተነጋገሩ የማይተዋወቁ ጥንዶች፣ ስልኩን ማንም ባይነካውም፣ ስልክ ሳይኖር ከተነጋገሩት ያነሰ መቀራረብና መተማመን እንደተሰማቸው ተናግረዋል፤ ልዩነቱ ጎልቶ የታየውም ቁም ነገር ሲያወሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ሙከራዎች ሁሉ ይህንኑ ውጤት አልደገሙም። ቢሆንም ስልክን ቦርሳ ውስጥ ማስቀመጥ የሚያስከፍለው ነገር የለም፤ አስቸኳይ ጥሪ የሚጠብቁ ከሆነ ደግሞ ገና ሲገቡ ይናገሩት፣ ያን ጊዜ ስልኩ ሲጮኽ አስተናጋጅዎ እንደተናቀ አይቆጥረውም።

አቀማመጥዎም ይናገራል። አልጋ ላይ ያለን ሰው ቆሞ ማነጋገር ለሐኪም እንጂ ለወዳጅ አይሆንም፤ ወንበር ስበው ዓይንዎ ከዓይኑ ጋር በሚስተካከልበት ቁመት ይቀመጡ። መስማት ለሚያስቸግራቸው አረጋውያን ብርሃኑ በእርስዎ ፊት ላይ እንዲያርፍ አድርገው ከፊት ለፊት ይቀመጡ፤ ብዙዎቹ ሳይናገሩት ከንፈር ያነብባሉና። ድምፅን መጮኽ ሳይሆን ቀስ ማድረግ ይረዳቸዋል።

ማዳመጥ ከሚመስለው በላይ አድካሚ ሥራ ነው። ሰውዬው ስለ ሕመሙ ሲነግርዎ «እኔም ባለፈው ዓመት እንዲሁ አድርጎኝ» ብለው ወደ ራስዎ ታሪክ አይሸሹ፤ ይህ ለማጽናናት ተብሎ ይደረግና ወሬውን ከባለቤቱ መቀማት ሆኖ ያርፋል። ምክርም ሳይጠየቁ አይስጡ። ሊጠይቁ የሚገባዎት፣ አሁን ከተናገረው ነገር የሚወለደውን ጥያቄ ነው፦ «ያን ጊዜ ማን ነበር አብሮህ?»፣ «ከዚያስ ምን አልካት?» ይህ ዓይነቱ ጥያቄ ሰው ሳይሰማ ሊጠይቀው የማይችል በመሆኑ፣ መደመጡን ለተናጋሪው በሌላ ቃል ማረጋገጥ አያስፈልግም። ለሦስተኛ ጊዜ የሚነገርዎት ታሪክም ቢሆን «ነግረኸኛል» አይበሉ፤ እስከ ዛሬ ያልጠየቁትን አንድ ነገር ይጠይቁበት። ንግግሩ ሲቆም ደግሞ አይደንግጡ። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ አብሮ ዝም ማለት የሚችሉ ሰዎች ብዙ ነገር አልፈው የመጡ ናቸውና ዝምታውን በወሬ ለመሙላት አይጣደፉ።

ከልጆች ጋር የሚሰጥ ጊዜ የራሱ ሕግ አለው። ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ ባካሄዱት የታወቀ ሙከራ፣ ከሕፃን ልጇ ጋር ስትጫወት የቆየች እናት ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን ፈጽሞ ሳታንቀሳቅስ እንድትመለከተው ይደረጋል። ሕፃኑ መጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ይጮኻል፤ ያ ሁሉ አልሆን ሲል ፊቱን ያዞራል። እናቲቱ ከፊቱ አልሄደችም፤ የጠፋው መልስ ነው። ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ሐሳብ ሌላ ቦታ ሲሆን የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ በቀን ሃያ ደቂቃ ይመድቡ፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ጨዋታውን ልጁ ይምረጥ፣ ሕጉንም እርሱ ያውጣ። አያስተምሩ፣ አያርሙ፣ ፎቶ አያንሡ። አሰልቺ ይሆንብዎታል፤ ሃያ ደቂቃ ያልኩትም ለዚህ ነው።

የታመመን ሰው ሲጠይቁ ከመሄድዎ በፊት መቀበል ይችል እንደሆነ ያረጋግጡ፤ አጭር ጊዜ ይቆዩ፤ በተመሳሳይ በሽታ የሞተ ወይም በተአምር የዳነ ሰው ታሪክ አይንገሩት። አስታማሚውንም አይርሱት፦ ሁሉም የሚጠይቀው ታማሚውን ነውና፣ «አንቺስ መቼ ነው የተኛሽው?» የሚል ሰው ማግኘት ለአስታማሚዋ ብርቅ ነው።

ሐዘን የደረሰበት ሰው ዘንድ ስሕተቱ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይደለም። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አለ። ቤቱ ባዶ የሚሆነው ሁሉም ወደየሥራው ሲመለስ ስለሆነ፣ ሐዘኑ በሆነ ዕለት ቀን መቁጠሪያዎን ያውጡና በሦስተኛው ወር፣ በስድስተኛው ወርና በሟች የልደት ቀን ላይ ምልክት ያድርጉ፤ በእነዚያ ቀናት ይሂዱ ወይም ይደውሉ። የሟቹን ስም ለመጥራት አይፍሩ። ሐዘንተኛው እንዳይረሣ የሚሰጋው ያንኑ ስም ነው።

በርቀት ላሉት፣ እንዲሁም ከዝርዝሩ ለተረፉት ሰዎች፣ የሚያስቸግረው የመጀመሪያው መልእክት ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ መጻፍ ያሳፍራል፤ «ምን ፈልጎ ነው?» እባላለሁ ብለን እንሰጋለን። ፔጊ ሊዩና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ጥናት እንደሚያሳየው ግን፣ ላኪዎች መልእክታቸው ተቀባዩን ምን ያህል እንደሚያስደስተው አሳንሰው ይገምታሉ፤ ተቀባዩ ይበልጥ የሚደሰተውም ሳያስበው ሲደርሰው ነው። ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም። «ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ አብረን የምናጠናበት ዘመን ትዝ አለኝና አንተን አሰብኩ። መልስ ባትሰጥም ቅር አይለኝም፤ ሰላም መሆንህን ተስፋ አደርጋለሁ» የሚል ይበቃል። መልስ ከመጣ በኋላ ከጽሑፍ ይልቅ በድምፅ ይነጋገሩ።

ስድስተኛ፦ ከጊዜው የሚቀር ነገር ያኑሩ

የጊዜ ስጦታ ያልፋል፤ ሆኖም አብረው ካሳለፉት ሰዓት ውስጥ በእጅ የሚያዝ ነገር ማስቀረት ይቻላል። ከሁሉ የምመርጠው የድምፅ ቅጂ ነው። ዴቭ አይሴይ እ.ኤ.አ. በ2003 በኒውዮርክ የመሠረቱት ስቶሪኮርፕስ የተባለ ድርጅት፣ ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለ40 ደቂቃ እንዲነጋገሩ አድርጎ ይቀዳል፤ ቅጂዎቹም በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በሚገኘው የባሕል ማእከል ይቀመጣሉ። የዚህን አሠራር ቤት ውስጥ ለመድገም ስልክ ብቻ ይበቃል፤ ስልክ ከዓይን ይራቅ ያልኩትን የምሽረው ለዚህ ብቻ ነው።

አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ፤ ተደብቆ የተቀዳ ድምፅ ስጦታ አይደለም። መስኮትና በር ይዝጉ፣ ድምፅ የሚያሰማ ማሽን ያጥፉ፣ ስልኩን በተናጋሪው በኩል ለስላሳ ነገር ላይ ያስቀምጡ። መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውንና የሁለታችሁን ስም በድምፅ ይናገሩ። ከዚያ ትልልቅ ጥያቄዎችን ትተው ትንንሾቹን ይጠይቁ፤ «ከሕይወት ምን ተማርክ?» የሚለው ጥያቄ ንግግር ያስደርጋል፣ «ልጅ ሳለህ የምትተኛበት ክፍል ምን ይመስል ነበር?» የሚለው ግን ሰውየውን ራሱን ያመጣዋል። ከ40 ደቂቃ በላይ አይቆዩ፤ ከበቂ በላይ ከተነገረ ለሌላ ቀን ምክንያት ይሆናል። ፋይሉን በስምና በቀን ሰይመው በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስቀምጡ፤ በአንድ ስልክ ውስጥ ብቻ የቀረ ድምፅ ከስልኩ ጋር አብሮ ይጠፋል።

ሌላው የሚቀር ነገር ሙያ ነው። መስፋት፣ መጠገን፣ መሣሪያ መጫወት፣ ሒሳብ መያዝ ለሌላ ሰው ያስተማሩ እንደሆነ፣ የሰጡት ጊዜ በተማሪው እጅ ላይ ይኖራል። አቅጣጫውንም መገልበጥ ይቻላል፤ አንድን አረጋዊ «ይህን አስተምሩኝ» ብሎ መጠየቅ፣ ሲጦሩ ብቻ የኖሩትን ሰው ሰጪ ያደርጋቸዋል።

ሰባተኛ፦ ቀጠሮ ሲያመልጥ

ያመልጣል። እንደማይደርሱ ባወቁበት ሰዓት፣ በዚያችው ደቂቃ ይደውሉ፤ መልእክት ልኮ ዝም ማለት መሸሽ ነው። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩና እዚያው ላይ ምትክ ቀን ይቁረጡ። በቀረው ሰዓት ፈንታ ዕቃ አይላኩ፤ አንድ ጊዜ ከተላከ ሁለተኛው መቅረት ይቀላል፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ የሚመጣው ዕቃው ብቻ ይሆናል። በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከቀሩ ቃሉ ከአቅምዎ በላይ ነበር ማለት ነውና፣ ወደ አራተኛው ደረጃ ተመልሰው ያሳንሱት፤ ያሳነሱትንም በግልጽ ይንገሩ።

ስምንተኛ፦ ልኩን ይወቁ

የሚሰጥ ሰው ሊደክም ይችላል፤ በተለይ ሌት ተቀን የሚያስታምም። ትዕግሥት ሲያልቅብዎ፣ የሚወዱትን ሰው ድምፅ ሲሰሙ ልብዎ ሲዝል፣ ደግነቱ ከአንገት በላይ መሆን ሲጀምር፣ ያ የፍቅር ማለቅ ሳይሆን የእንቅልፍ ማነስ ሊሆን ይችላል። ሌላ ሰው ይጨምሩ፤ ተራ ያውጡ፤ ለራስዎም የተቆረጠ ቀን ይኑርዎት። ጊዜ የሰጡትን ሰው እንደ ባለዕዳ አይቁጠሩት፤ «ስንት ቀን መጥቼ አንድ ቀን እንኳ አልደወለልኝም» የሚለው ሒሳብ ሲጀመር፣ ስጦታው ወደ ብድር መለወጡን ይወቁና ወይ ቅሬታዎን በግልጽ ይናገሩ ወይ ቀጠሮውን ያራርቁ።

ተቀባዩም «አልፈልግም» የማለት መብት አለው። አንዳንድ ሰው ብቸኝነቱን የመረጠ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ጉብኝቱን የሚፈልገው ከእርስዎ አይደለም። አንድ ጊዜ በአክብሮት ይጠይቁ፣ ከጊዜ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ይሞክሩ፣ ከዚያ ይተዉት። በሌላ በኩል የሚጠይቁት ሰው መኖር እንዳስጠላው ወይም ራሱን መጉዳት እንደሚያስብ ቢነግርዎ፣ ይህን ብቻዎን ይዘው አይቆዩ፤ «ራስህን ስለ ማጥፋት አስበሃል?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁት፣ አጠገቡ ይሁኑ፣ ከባለሙያም ጋር ያገናኙት። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም።

በመጨረሻም የዘወትር ቀጠሮን ማቋረጥ ግድ የሚሆንበት ጊዜ ይመጣል፤ ከተማ ይቀይራሉ፣ ልጅ ይወልዳሉ፣ ሥራዎ ይለወጣል። እየቀነሱ እየቀነሱ መጥፋት ለሰጪው ይቀላል፤ የሚጠብቀው ሰው ግን ምን እንዳጠፋ ሲያሰላስል ይኖራል። ስለዚህ ሁለት ጉብኝት ሲቀር ይንገሩት። በመጨረሻው ቀን ከወትሮው ትንሽ ቆይተው፣ ከዚህ በኋላ የሚደውሉበትን ቀንና ሰዓት በትልልቅ ፊደል ጽፈው ስልኩ ያለበት ቦታ ላይ ይለጥፉለት፤ የመጀመሪያውንም ጥሪ በዚያው ሳምንት ይደውሉ።